ፋን ጨምሩ ከማለታችሁ በፊት የትኛው ፋን እንደሚጮህ ጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ለአንድ ወጣት የሰጣችሁትን መልስ አንብቤ ነው ብዕር ያነሳሁት። ልጁ የጌም ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ሥዕል የሚሠራውን ክፍል) ካስገባ ወዲህ ጫጫታው አላስቀምጥ አላስተኛ እንዳለው ጽፏል። መልሳችሁ ባጭሩ «ተጨማሪ ፋን ግዛ፣ ካልበቃህ ወደ ውኃ ማቀዝቀዣ ተሻገር» የሚል ነው። ይሄንን እኮ የትኛውም ሱቅ በነፃ ይነግረዋል። ሻጭ ግዛ ቢል አይፈረድበትም፣ እንጀራው ነው። ጋዜጣ ግን ብር ከማውጣቱ በፊት ምን ምን ማየት እንዳለበት ቢነግረው ምን ነበረበት?

እኔ ነጋዴ አይደለሁም። ቀን ቀን የሰው ሒሳብ ስሠራ እውላለሁ፣ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት ግን የሰፈሩ ልጆች ኬዛቸውን፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን ማለት ነው፣ ታቅፈው ቤቴ ይመጣሉ። ክፍያው ሻይ ነው። ይዘውት የሚመጡት ችግር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ካርድ ቀየርኩ፣ ከዚያ ወዲህ አበደ»። ከነዚህ ውስጥ በእውነት ፋን የጎደለው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ያለው ፋን በቦታው ያልገባ፣ በትክክል ያልተሰካ ወይም በአቧራ የታፈነ ነው።

ከሥሩ እንጀምር። ኮምፒውተር ከሶኬት የሚስበው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻው ሙቀት ነው። ጌሙን አጫውቶ ሲያበቃ ያ ሁሉ ዋት የትም አይሄድም፣ ክፍላችሁ ውስጥ ነው የሚቀረው። ብዙ ልጆች የሚጀምሩበት ጂቲኤክስ 1650 የሚባለው ካርድ የሚበላው 75 ዋት ገደማ ነው፤ እንዲያውም ከሞዴሎቹ ውስጥ የራሱ የኃይል ገመድ የማያስፈልገው ብዙ ነው። አርቲኤክስ 3060 ሲሆን 170 ዋት ይደርሳል። 3070 220 ነው፣ 3080 ደግሞ 320። እንግዲህ ከ1650 ወደ 3070 የዘለለ ልጅ እዚያው ሳጥን ውስጥ የካርዱን ሙቀት ሦስት እጥፍ ገደማ አደረገው ማለት ነው። ሳጥኑ ያው፣ ቀዳዳው ያው፣ ፋኑም ያው። ታዲያ ቢጮህ ምን ይገርማል?

አሁን ደግሞ ማንም የማያነሳውን ነገር ላንሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ የምንተነፍሰው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለ አገር አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ንፍሮ የጣደ ሰው ያውቀዋል፤ እዚህ ከተማ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ባቄላው ቶሎ እሺ አይልም። ኮምፒውተሩም የሚጠቀመው ያንኑ ስስ አየር ነው። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በሊትር ሲለካ የትም አገር ያው ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው፣ ክብደቱ ደግሞ እዚህ ጎድሏል።

ቁጥር ሙያዬ ነውና ትንሽ ታገሡኝ። አንድ ኬዝ ውስጥ ፕሮሰሰሩና (ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ) ካርዱ ተደምረው 350 ዋት ያመነጫሉ እንበል። ይሄ ሙቀት የሚያልፈውን አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ሳያሞቀው እንዲወጣ፣ ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ በሰከንድ 29 ሊትር ገደማ አየር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ 39 ሊትር ገደማ። ሲሶ ጭማሪ ነው። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ አንዱ ፈረንጅ «ይሄ ካርድ 68 ዲግሪ ላይ ነው፣ ድምፁም አይሰማም» ቢላችሁ ልጁ አልዋሸም፤ እሱ ያለው ሌላ አየር ውስጥ ነው። እዚህ በዚያው የፋን ፍጥነት ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ካርዱ ሙቀቱን ያይና ፋኑን ያፈጥናል፣ ጫጫታውም ይመጣል። ደሴና ደብረ ብርሃን ያላችሁ ከኛ ብትብሱ እንጂ አትሻሉም። ድሬዳዋ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፣ አየሩ ወፈር ይላል ግን ክፍሉ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፤ የካርዱ ሙቀት ደግሞ በክፍሉ ሙቀት ላይ ነው የሚደመረው።

በነገራችን ላይ «መብራቱ ከፍ ስላለ ነው ፋኑ የሚጮኸው» የሚሉ ቴክኒሺያኖች አሉ። ስታቢላይዘር ሊሸጡላችሁ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው 220 ከፍ ዝቅ ቢል ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪኩን ለውስጥ ክፍሎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ለፋኑ የሚሰጠው ያው 12 ቮልት ነው። ስታቢላይዘር ለሌላ ነገር ይጠቅም ይሆናል፣ ለዚህ ግን አይሠራም።

አንዱን ኮምፒውተር በቅርብ ላሳያችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ኬዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ጄኔሬተር ሆነብኝ እኮ» አለኝ። ያገለገለ 3070 ቴሌግራም ላይ አግኝቶ ገዝቷል። የገጠመለት ሱቅ «ፕሮሰሰርህ ነው የሚሞቀው፣ ውኃ ማቀዝቀዣ ያስፈልግሃል» ብሎ ሸኝቶታል። የተጠራው ዋጋ እናቱን አስደንግጧቸዋል።

አብርተን ጌሙን ከፈትን። ከደብተር አንድ ሉክ ቀድጄ በቱቦ መልክ ጠቀለልኩና አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ከእያንዳንዱ ፋን አጠገብ እንዲያስጠጋ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ፕሮሰሰሩ ጋ ሲያስጠጋ ደህና ነው። ካርዱ ጋ ከፍ ይላል። ከፊት ያሉት ሁለት ፋኖች ጋ ሲደርስ ግን ፊቱን አጨማዶ ጆሮውን አነሳ። በቃ፣ ዋናው ጯሂ ተገኘ። ፕሮሰሰሩ በዚያ ሰዓት 66 ዲግሪ ላይ ነበር፣ ምንም አልሆነም።

የነዚያን ፋኖች ሽቦ ስንከተል የሄደው በቀጥታ ፓወር ሰፕላዩ ጋ ነው፣ ሞሌክስ በሚባለው ባለ አራት እግር ትልቅ ሶኬት። ሞሌክስ ላይ የተሰካ ፋን ሁሌም 12 ቮልት ያገኛል፤ ጌም ብትጫወቱም፣ ባትጫወቱም፣ ዎርድ ላይ ማመልከቻ ብትጽፉም በሙሉ ጉልበቱ ይሽከረከራል። ማንም ሊያዘው አይችልም። ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ግን የፋን ሶኬቶች ባዶአቸውን ቁጭ ብለዋል፤ ከጎናቸው «ሲስ ፋን» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። እዚያ ቢሰካ ኖሮ ኮምፒውተሩ ራሱ እንደ ሙቀቱ ያፈጥነው ያዘገየው ነበር። ለምን አልተሰካም? ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሽቦው ትንሽ አጠር ስለሚል ማስረዘሚያ ፍለጋ መነሳት አልፈለጉም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላክል። ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታችሁትም ሙሉ ፍጥነት ላይ የሚቀር ፋን አለ። ሽቦው ሦስት ከሆነ ፍጥነቱ የሚቀነሰው ቮልቴጁ ሲቀነስ ነው፣ አራት ከሆነ ደግሞ በአራተኛው ሽቦ በሚላክ ትእዛዝ ነው፣ ፒደብሊውኤም ይሉታል። ባለ ሦስት ሽቦውን ፒደብሊውኤም ላይ በተቀመጠ ሶኬት ብትሰኩት ትእዛዙ አይደርሰውም፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይሮጣል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ገብታችሁ የዚያን ሶኬት ሞድ ወደ ዲሲ፣ በቮልቴጅ ወደሚያዘው፣ ስትቀይሩት ወዲያው ዝም ይላል። ብር አይጠይቅም።

ወደ ልጁ ኮምፒውተር ልመለስ። ሶፍት በቀጭኑ ቀደድንና የኋላው ፋን ጋ አስጠጋነው። የኋላ ፋን ሥራው ትኩሱን አየር ወደ ውጭ ማስወጣት ነው፣ ሶፍቱን ወደ ውጭ ሊያርቀው ይገባል። እሱ ግን ሶፍቱን ሳበው። ተገልብጦ ነው የተገጠመው! ከፊትም ከኋላም አየር ይገባል፣ መውጫው የት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ካርዱ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ 83 ዲግሪ ላይ ተቸክሎ ነበር፤ 83 ደግሞ የዚያ ትውልድ የኤንቪዲያ ካርዶች በነባሩ ሴቲንግ ራሳቸውን መቆጠብ የሚጀምሩበት ነው። ማለትም ልጁ ለ3070 ከፍሎ የሚጫወተው ከዚያ በታች በሆነ ነገር ነው። ፋን ሲገዛ አቅጣጫውን ማወቅ ቀላል ነው፤ አየሩ የሚወጣው ሞተሩን የያዙት አጥንቶች ባሉበት፣ ስቲከሩ በተለጠፈበት በኩል ነው። አንዳንዱ ላይ ጎኑ ላይ ቀስትም አለ።

ሦስተኛው ጥፋት የኬዙ ነው። እነዚህ ፊታቸው ሙሉ መስታወት የሆኑ፣ ባለ ሰባት ቀለም መብራት ኬዞች ሲያዩአቸው ያምራሉ። ግን ፋኑ መስታወቱን ነው የሚያየው። አየር የሚገባው በጎን ባለች ጣት በማታስገባ ስንጥቅ ነው። ፋን በጠባብ ቀዳዳ ሲስብ አየር አያገኝም፣ ድምፅ ግን ይጨምራል። እኔ ብጠየቅ ፊቱ ወንፊት የሆነውን ኬዝ፣ መልኩ ባያምርም፣ ከመስታወቱ አስቀድመዋለሁ። ወጣቶቹ በዚህ አይስማሙም፣ መብራት ይወዳሉ። ይሁን።

ማንም ሰው ዛሬ ማታ ያለ ምንም ወጪ ሊያደርገው የሚችል ምርመራ ይሄውላችሁ። ጌሙን ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወቱና የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ሙቀት አንብቡ፤ ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያሳያችኋል። ከዚያ የኬዙን የጎን ክዳን ክፈቱና እንደገና ያንኑ ያህል ተጫወቱ። ሙቀቱ ስምንት፣ አሥር ዲግሪ ከወረደ ችግሩ ኬዙ ነው፤ አየር አይገባም ወይም አይወጣም፣ በአቅጣጫና በቀዳዳ ላይ ሥሩ። ክዳኑ ተከፍቶም ሙቀቱ ንቅንቅ ካላለ ደግሞ ኬዙን ተዉት፣ ችግሩ ራሱ ካርዱ ላይ ወይም ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ነው። ፔስቱ (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) ደርቋል፣ ሂት ሲንኩ (ሙቀቱን የሚያወጣው ባለ ክንፍ ብረት) በአቧራ ተደፍኗል፣ ወይም አልተጠበቀም። ዝግጅት ክፍሉ ይሄን አንድ አንቀጽ ብቻ አትማችሁ ቢሆን ኖሮ እኔ ባልጻፍኩ።

ፕሮሰሰሩ ላይ ከሆነ ሁለት ነገር እዩ። የመጀመሪያው አስቂኝ ነው፤ የማቀዝቀዣው ሆድ ላይ የሚለጠፈው ፕላስቲክ ሳይላጥ የተገጠመ አለ። በዓይኔ አይቻለሁ። «አውጣኝ» ብሎ ተጽፎበታል እኮ! ሁለተኛው ፔስቱ ነው። ሽምብራ የምታክል ጠብታ መሐሉ ላይ ይበቃል፣ ማቀዝቀዣው ራሱ ተጭኖ ይዘረጋዋል። ማቀዝቀዣውን ባነሳችሁት ቁጥር ደግሞ የድሮው ተጠርጎ አዲስ ይደረጋል። ፕሮሰሰሩንም ያሳደጋችሁ ከሆናችሁ ከካርቶኑ ጋር አብሮ የመጣ ማቀዝቀዣ መኖሩን እዩ። ለምሳሌ ራይዘን 5 5600ኤክስ ከነማቀዝቀዣው ነው የተሸጠው፣ ራይዘን 7 5800ኤክስ ግን ያለ ማቀዝቀዣ። አንዳንዱ የ5600ኤክስን ትንሽ ማቀዝቀዣ 105 ዋት በሚባለው 5800ኤክስ ላይ ይጭነዋል፣ ከዚያ ለምን ይጮሃል ይላል።

አቧራውንማ አታንሱት። ከጥር እስከ መጋቢት፣ መንገዱ በተቆፈረበት ሰፈር፣ ኮምፒውተሩ ወለል ላይ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ እንደሆነ በጥቂት ወር ውስጥ ሂት ሲንኩ ብርድ ልብስ ይለብሳል። ቡና በየቀኑ በሚፈላበት ቤት ጭሱና ዕጣኑ አቧራውን ስለሚያጣብቀው እፍ ቢሉት አይለቅም። እናቶች ደግሞ ቤት ያሳምራል ብለው ኬዙ አናት ላይ ዳንቴል ያነጥፋሉ፤ ትኩሱ አየር የሚወጣው በዚያ በኩል መሆኑን ማን ነግሯቸው። ዳንቴሉን በትሕትና ወደ ቴሌቪዥኑ ማዛወር ነው።

ለጽዳት ብለው ኬዙን ጎሚስታ ቤት የሚወስዱ ልጆች አሉ። ኮምፕሬሰሩ በአንድ እፍታ ያጸዳዋል፣ እውነት ነው። ግን አብሮት ውኃና ዘይት ይረጫል፣ ፋኑንም ከተሠራበት ፍጥነት በላይ አክርሮ ያሽከረክረውና ኩሽኔታውን ይገድለዋል። ሰውየው ጎማ ነው የሚነፋው፣ ምን ያድርግ። የቀለም ብሩሽና ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ትንሽ ብሎወር ይበቃል፤ ስትነፉ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ እንዳይዞር።

ስለ ድምፁ ዓይነት ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም «ይጮሃል» ብቻ ብሎ መምጣት አይበቃም። ወጥ የሆነ ሽውታ ከሆነ አየር ነው፣ ፋኑ ፈጥኗል ማለት ነው፣ ሙቀቱን ፈልጉ። ቋ ቋ ቋ የሚል ከሆነ ሽቦ የፋኑን ክንፍ እየነካው ነው፣ ሽቦውን እሰሩ። ዱዱዱ ብሎ ጠረጴዛውን የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ብሎን ላልቷል። ሲነሳ ሲጥጥ ብሎ ሲሞቅ የሚተው ፋን ኩሽኔታው ሄዷል፣ ዘይት ጠብ አድርጎ ማስታመም ይቻላል ግን መጨረሻው መቀየር ነው። ቀጭን ፉጨት ከሆነና ጌሙ ሲከፈት ብቻ ከመጣ ደግሞ ፋን ላይሆን ይችላል፤ ካርዱ ላይ ያሉት የመዳብ ጥቅልሎች ናቸው፣ ጅረቱ ሲበረታ ይንቀጠቀጣሉ። ጉዳት የለውም። ፋን ብትቀይሩ አይጠፋም።

አንድ ከሁሉም የሚያናድድ ድምፅ አለ፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። የዘመኑ ፕሮሰሰር አንድ ፕሮግራም ስትከፍቱ ብቻ በአንድ ሰከንድ አሥር ዲግሪ ይዘላል፣ ወዲያው ይመለሳል። ፋኑ እሱን እየተከተለ ይሯሯጣል። መፍትሔው ባዮስ ውስጥ ነው፤ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ፋኑ በዝግታ አንድ ቦታ ላይ እንዲቆይ፣ ከዚያ በላይም ቶሎ ሳይሆን ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ እንዲነሳ ማድረግ። 60 ዲግሪ ፕሮሰሰርን አይጎዳውም። የራይዘን 5000ዎቹ ወሰን እንደ ሞዴሉ 90 ወይም 95 ነው፣ የብዙዎቹ ኢንቴሎች 100። ልጆቹ 70 ሲያዩ ይደነግጣሉ፣ ጌም ላይ 70 ጤና ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ሙቀቱን ከመነሻው መቀነስ ነው። ስክሪኑ 60 ኸርዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ሥዕል ብቻ የሚያሳይለት ልጅ ካርዱ በሰከንድ 200 ሥዕል ቢሠራለት 140ዎቹን አያያቸውም። ሙቀታቸው ግን ይደርሰዋል። የጌሙ ሜኑ ላይ ቆማችሁ ካርዱ ከጌሙ በላይ የሚጮህበት ምክንያትም ይሄ ነው፣ ሜኑው ቀላል ስለሆነ ካርዱ ያለ ልክ ይሮጣል። ኤፍፒኤሱን፣ በሰከንድ የሚሠራውን የሥዕል ብዛት፣ በስክሪኑ ልክ ገድቡት። ከዚያ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 80 በመቶ አውርዱት። 220 ዋት የነበረው 176 ሆነ ማለት ነው። የጌሙ ፍጥነት የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፣ ብዙ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ አይለየውም፣ ጆሮው ግን ይለያል።

የጎረቤቴን ልጅ ኮምፒውተር ያደረግነው ይሄንኑ ነው። ፋኑን ገለበጥን፣ የፊቶቹን ማስረዘሚያ ገዝቶ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካን፣ መስታወቱን ከፍሬሙ በጥቂት ሚሊሜትር አራቅነው፣ ኤፍፒኤሱን ገደብን፣ ኃይሉን አወረድን። ካርዱ ከ83 ወደ 71 ወረደ። ወጪው ማስረዘሚያው ብቻ ነው። እናቱ ከሌላ ክፍል መጥተው «ጠፋ እንዴ?» አሉ።

አሁን ወደ ምክራችሁ። ፋን ጨምሩ ማለታችሁ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነው አልልም። ሁለት ተመሳሳይ ፋኖች አብረው ሲሠሩ ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው፣ የአንድን ፋን ፍጥነት በግማሽ ስትቀንሱት ግን 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ የሚሮጥ ፋን በሁለት ቀስ በሚሉ ፋኖች ቢተካ ያንኑ ያህል አየር በጣም ባነሰ ድምፅ ይገፋል። ቁም ነገሩ ጨምሮ ማዘግየት ነው። እናንተ የጻፋችሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ልጁ ሁለት ፋን ገዝቶ ሞሌክስ ላይ ሰክቷቸው ከሆነ ጎረቤቱ ይድረስለት።

የውኃ ማቀዝቀዣው ግን አልዋጥልህ አለኝ። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የተለመደው ዓይነት የሚያቀዘቅዘው ፕሮሰሰሩን ነው፣ ግራፊክስ ካርዱን አይነካውም። ካርድ የቀየረ ልጅ አዲስ ሙቀት የመጣበት ከካርዱ ነው። ደግሞስ ውኃው ሙቀቱን ወስዶ የት ይጥለዋል? ራዲያተር ላይ፤ ራዲያተሩን የሚያበርደው ፋን ነው፣ ፋኑ የሚገፋው ያንኑ የአዲስ አበባ ስስ አየር ነው። ላዩ ላይ የፓምፕ ድምፅ ይጨመርበታል። ሲበላሽም መለዋወጫው ዱባይ ያለ ዘመድ ሻንጣ ይጠብቃል። ትልቅ ፕሮሰሰር ላለው ሰው ይሆናል፣ ለዚህ ልጅ አይደለም።

ያገለገለ ካርድ ለሚገዙ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ኢተሪየም የሚባለው ክሪፕቶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ (ካርዱን እያሠሩ ክሪፕቶውን ማግኘት) ቀረ፣ ከዚያ በኋላ ሲቆፍሩ የከረሙ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት። አንዳንዱ ሌት ተቀን ሲሠራ የኖረ ነው። ቺፑ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ፋኖቹና በሚሞሪው ላይ ያሉት ሙቀት አስተላላፊ ፓዶች ግን ያረጃሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ጠፍቶ ሳለ ፋኑን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ለስልሶ ዞሮ ቀስ ብሎ መቆም አለበት። የሚንገጫገጭ ወይም ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት። ሲያበሩት ደግሞ ፋኑ ባይዞር አትደንግጡ፤ ብዙ ካርዶች ካልሞቁ በስተቀር ፋናቸውን እንዲያቆሙ ተደርገው ነው የተሠሩት።

የቢሮ ኮምፒውተር ገዝተው ካርድ የሚጨምሩትም ይስሙ። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያሉት ብዙዎቹ የፋን ሶኬታቸው የራሳቸው ነው፣ ተራ ፋን አይቀበሉም፣ ፋናቸው ሲነቀል ሲነሱ ያማርራሉ ወይም የቀረውን በሙሉ ፍጥነት ያስጮኹታል። ፓወር ሰፕላያቸውም ትንሽ ነው። ለ3070 ኤንቪዲያ የሚመክረው 650 ዋት ነው። አቅሙ ያልደረሰ ፓወር ሰፕላይ ሲጨነቅ የራሱ ፋን ይጮሃል፤ ያ ድምፅ ከታች ወይም ከኋላ ጥግ ከመጣ በቁም ነገር ያዙት። ግን ሳጥኑን አትክፈቱት፣ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይቆያል።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ቀላል ነው። ለዚያ ወጣት በቀጣዩ እትም ማስተካከያ አውጡለት፤ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቶ ሙቀቱን ያወዳድር፣ ፋኖቹ የት እንደተሰኩና ወደየት እንደሚነፉ ይይ፣ ኤፍፒኤሱን ይገድብ። ይሄን ሁሉ አድርጎ አሁንም ከጮኸበት የኬዙን ስም፣ የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ዓይነት፣ ክዳኑ ተዘግቶና ተከፍቶ ያነበበውን ሙቀት ይላክላችሁ። ለኔ ብታስተላልፉልኝ ደስ ይለኛል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ ከገርጂ፣ አዲስ አበባ